1 ሚሊዮን መንገድ ይይዛል የተባለ ራውተር በእውነት ስንት ይይዛል?

በአንድ የኔትወርክ መወያያ መድረክ ላይ በተከፈተ ክር (ተከታታይ ውይይት) 1ኛው ጽሑፍ ጥያቄው ነው፤ አጭር ነው። ጠያቂው የያዘው ዕቃ ሲስኮ ካታሊስት 6500 ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ (ዋናው የመቆጣጠሪያ ካርዱ) 720-3ቢኤክስኤል። ከሁለት አፕስትሪም (ኢንተርኔት ከሚያቀርቡለት ድርጅቶች) ሙሉውን የቢጂፒ ሠንጠረዥ ሊቀበልበት አስቧል፤ ቢጂፒ ኔትወርኮች ወደየአድራሻው የሚያደርሱ መንገዶችን የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ነው። የዕቃው መግለጫ 1 ሚሊዮን መንገድ ይይዛል ይላል። የዓለም የአይፒቪ4 (የቆየው የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) ሠንጠረዥ ደግሞ በ1 ሚሊዮን ዙሪያ ደርሷል፤ ከየት እንደሚታይ እየተለያየ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ጠያቂው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያስኬደኛል ብሎ ገምቶ፣ የሚያውቅ ሰው ግምቱን እንዲያርምለት ጠይቋል። ግምቱ በብዙ በኩል ስህተት ነበር። ስህተቶቹ ግን ብዙ ሰው የሚሠራቸው ስለሆኑ መልሶቹን በቅደም ተከተል መከተል ይጠቅማል።

2ኛው መልስ በሰላምታ ጀምሮ ዋናውን ነገር አስቀመጠ። 1 ሚሊዮን የሚባለው የቲካሙ (መንገዶቹ የሚጻፉበት የሃርድዌር ማህደረ ትውስታ) ጠቅላላ ቦታ ነው፤ ለአይፒቪ4 ብቻ የተሰጠ አይደለም። ማንም ካልነካው ዕቃው ለአይፒቪ4 512ኬ፣ ለአይፒቪ6 (ለአዲሱ የአድራሻ ዓይነት) እና ለመልቲካስት (ለብዙ ተቀባይ ባንድ ላይ ለሚላክ ትራፊክ) 256ኬ ብሎ ከፋፍሎ ይነሳል። አንድ የአይፒቪ6 መንገድ ሁለት ቦታ ስለሚወስድ 256 ሁለት ጊዜ 512 ይሆንና ድምሩ 1024ኬ ይመጣል። ስለዚህ ዕቃው እንደመጣ ከተሰካ የዛሬውን ሠንጠረዥ ግማሽ ያህል ብቻ ይዞ ይሞላል። ክፍፍሉን ለማየት «ሾው ኤምኤልኤስ ሴፍ ማክሲመም-ራውትስ»፣ ምን ያህሉ እንደተያዘ ለማየት ደግሞ «ሾው ፕላትፎርም ሃርድዌር ካፓሲቲ ፎርዋርዲንግ» የሚሉትን ትእዛዞች ጠቁሟል። በሁለተኛው ውጤት ላይ የ72 ቢት መስመር አይፒቪ4ን፣ የ144 ቢት መስመር አይፒቪ6ን እንደሚያሳይ ጨምሯል።

3ኛው ያረመው ቁጥሩን ነው። እዚህ ላይ ኬ ማለት 1024 እንጂ 1000 አይደለም። 512ኬ 524,288 ነው። ክፍፍሉ ወደ 1000ኬ ቢቀየር ደግሞ የሚገኘው ቦታ 1,024,000 ይሆናል። ለዛሬው ሠንጠረዥ ይህች 24 ሺህ ልዩነት ትንሽ አይደለችም። ሆኖም የድርጅቱ የራሱ የውስጥ መንገዶች፣ በቀጥታ የተገናኙት ኔትወርኮች፣ እያንዳንዱ የኤአርፒ ጎረቤት (በቀጥታ የተገናኘ ማሽን) ጭምር ከዚሁ ቦታ ላይ እንደሚቀመጡ አስጠንቅቋል። ብዙ ሰው በድረ ገጽ የሚያየውን የሠንጠረዥ ቁጥር ብቻ ቆጥሮ የራሱን ሳይደምር ይቀራል።

4ኛው መልስ ይህ ሁሉ ከዚህ በፊት የደረሰ ነገር መሆኑን አስታውሶ፣ በ2006 ብዙ ኔትወርክ በአንድ ቀን እንደተናጋ ጻፈ። 5ኛው ወዲያው ተነሳበት። 2006 ያለው በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ካልገለጸ አንባቢ ያሳስታል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሠንጠረዡ 200 ሺህ ገደማ ነበር። ቀኑ ነሐሴ 6 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2014 ነው። አነጋገሩ ትንሽ ጠንከር ያለ ቢሆንም ዝርዝሩ ትክክል ነው። ያን ዕለት የአሜሪካው ኦፕሬተር ቬራይዘን ጠቅልሎ ያስተዋውቃቸው የነበሩ አድራሻዎች ተበታትነው ወጡ፤ 15 ሺህ ገደማ አዳዲስ ፕሪፊክሶች (የአድራሻ ክልሎች) በአንድ ጊዜ ዓለም ላይ ፈሰሱ። ሠንጠረዡ አስቀድሞ ወደ 512ኬ ተጠግቶ ስለነበር የ6500 እና የ7600 ራውተሮች ወሰን ታለፈ። ስህተቱ በአጭር ጊዜ ታረመ፣ ራውተሮቹ ግን አልተመለሱም።

ለምን እንዳልተመለሱ ያብራራው 6ኛው ነው። በእኔ አስተያየት ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው መልስ ይህ ነው። ቲካም በአንድ የሰዓት ምት ሁሉንም መዝገብ ባንድ ላይ የሚያነጻጽር ማህደረ ትውስታ ነው፤ እያንዳንዱ ቢት 0፣ 1 ወይም ምንም ይሁን የሚል ሦስት ዋጋ ይይዛል። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ውድነቱና የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ከዚሁ ይመጣል። እንደ ተራ ራም ተሰክቶ አይጨመርም። ሲሞላ ራውተሩ ኤክሴፕሽን (ከመደበኛ አሠራር የወጣ ሁኔታ) ውስጥ ይገባል፤ ሎጉ ላይ የፊብ (ሃርድዌሩ ላይ የሚጻፈው የመንገድ መዝገብ) ቲካም ኤክሴፕሽን መኖሩንና አንዳንድ መዝገቦች በሶፍትዌር እንደሚተላለፉ የሚገልጽ መልእክት ይወጣል። ይህች ቀለል ያለች የምትመስል መልእክት ምን ማለት እንደሆነ 6ኛው በቁጥር አሳይቷል። ሃርድዌሩ በሰከንድ እስከ 30 ሚሊዮን ፓኬት ያሳልፋል። ሲፒዩው ግን 600 ሜጋኸርዝ ነው። ቦታ ያጡት መንገዶች ትራፊክ ወደዚህ ሲፒዩ ሲዞር ሲፒዩው 100 ፐርሰንት ይደርስና የቢጂፒን መልእክት በወቅቱ መመለስ ያቅተዋል። የሲስኮ ነባር የሆልድ ታይም (ከጎረቤት ሳይሰማ የሚጠብቅበት ጊዜ) 180 ሰከንድ ስለሆነ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ከጎረቤት፣ ማለትም በቢጂፒ ከሚነጋገረው ራውተር፣ ጋር ያለው ሴሽን ይወድቃል። ሴሽኑ ሲወድቅ መንገዶቹ ይነሳሉ፣ ሲፒዩው ይተነፍሳል፣ ሴሽኑ ይመለሳል፣ ሠንጠረዡ እንደገና ይሞላል። ዙሩ ይቀጥላል። ሠንጠረዡ ከወሰኑ በታች ቢወርድ እንኳ የኤክሴፕሽኑ ሁኔታ የሚጠፋው በሪሎድ (ዕቃውን እንደገና በማስነሳት) ብቻ ነው። ሁኔታውን «ሾው ኤምኤልኤስ ሴፍ ኤክሴፕሽን ስታተስ» ያሳያል።

እዚያው ላይ አንድ የምርመራ ወጥመድ ጠቁሟል። ደንበኛ አንዳንድ ድረ ገጽ ይከፈትልኛል፣ አንዳንዱ አይከፈትም ሲል ቴክኒሻኑ ራውተሩ ላይ ገብቶ ፒንግ ያደርጋል፤ ፒንጉ በደንብ ይሠራል። ከራውተሩ ራሱ የሚወጣ ፓኬት በሲፒዩው ሠንጠረዥ ስለሚሄድ እዚያ መንገዱ አለ። የጠፋው ከሃርድዌሩ ነው። ስለዚህ ፈተናው ከራውተሩ ኋላ ካለ ማሽን መደረግ አለበት። የሌሎች አምራቾች ዕቃ ላይ ደግሞ ቦታ ያጣው መንገድ ፓኬት ወደ ሲፒዩ ከመሄድ ይልቅ ዝም ብሎ ሊጣል፣ ወይም ሰፋ ባለው መንገድ ወይም በዲፎልት ራውት (ሌላ መንገድ ለሌለው ሁሉ በሚያገለግለው መንገድ) ሊሄድ ይችላል። የመጨረሻው በተለይ አታላይ ነው፤ ሁሉም የሚሠራ እየመሰለ በሁለት ራውተሮች መካከል የሚሽከረከር ፓኬት ያስከትላል።

7ኛው አጭር ነው፣ ግን ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሁሉ ዋጋ አለው። ሱፐርቫይዘሩ ቢኤክስኤል ስለሆነ ብቻ ሻሲው (ካርዶቹ የሚሰኩበት ሣጥን) ቢኤክስኤል አይሆንም። ዲኤፍሲ-3ቢ (አነስተኛ ቲካም ያለው፣ ፓኬት ካርዱ ላይ የሚያስተላልፍ ክፍል) ያለው አንድ ላይን ካርድ ውስጡ ካለ ሲስተሙ ሲነሳ ዝቅተኛውን ተከትሎ በ3ቢ ሞድ ይነሳል፣ ጠቅላላው አቅምም ወደ 256ኬ ይወርዳል። ማረጋገጫው «ሾው ፕላትፎርም ሃርድዌር ፒኤፍሲ ሞድ» ነው፤ ፒኤፍሲ የሱፐርቫይዘሩ ፓኬት አስተላላፊ ክፍል ነው። ሻጭ የሱፐርቫይዘሩን ስም ይጽፋል፣ የካርዶቹን ዲኤፍሲ አይጽፍም፤ ስለዚህ ከክፍያ በፊት የእያንዳንዱን ካርድ «ሾው ሞጁል» ውጤት መጠየቅ ይገባል።

8ኛው ጠያቂው ነው። አመስግኖ፣ ክፍፍሉን ወደ 1000ኬ ካዞረ አይፒቪ6 ምን እንደሚሆን ጠየቀ። 9ኛው ሒሳቡን አስልቶ ሰጠው። ከ1024ኬ ላይ 1000ኬ ሲወጣ 24ኬ ይቀራል፤ ለሁለት ሲካፈል 12ኬ የአይፒቪ6 መንገድ ነው፣ ያውም ከመልቲካስት ጋር በጋራ። የዓለም የአይፒቪ6 ሠንጠረዥ ደግሞ ከ200 ሺህ አልፏል፤ እሱን ሙሉ ለመያዝ ከ400 ሺህ በላይ ቦታ ይጠይቃል። ሁለቱን ሠንጠረዥ ሙሉ በሙሉ በዚህ ዕቃ መያዝ ስለዚህ አይቻልም። የሚቻለው አይፒቪ4ን ለጥቂት ጊዜ መያዝና ለአይፒቪ6 ዲፎልት ብቻ መቀበል ነው።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ሞቀ። 10ኛው ጭራሽ ሙሉ ሠንጠረዥ ምን ያደርግልሃል ባይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት እስኪጀምር ኦፕሬተሩ አንድ ብቻ እንደነበር አንስቶ፣ መውጫው አንድ ለሆነ ድርጅት 1 ሚሊዮን መንገድ መያዝ ሁሉም ወደ አንድ በር የሚያመለክቱ 1 ሚሊዮን ምልክቶችን መትከል መሆኑን ተናግሯል። አሁንም ቢሆን የራሱ /24 (256 አድራሻ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክልሉ ይሰፋል) ያለው ባንክ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዲፎልት ተቀብሎ አንዱን በሎካል ፕሪፈረንስ (በቢጂፒ የቅድሚያ ቁጥር) ቢያስቀድም ይበቃዋል። 11ኛው ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። ሙሉ ሠንጠረዥ የሌለው የራሱን ኔትወርክ አያውቅም፣ ለደንበኛ ቢጂፒ መስጠትም አይችልም ብሎ መለሰ፤ 10ኛውን የመደብር ቴክኒሻን እስከማለትም ደረሰ። ይህ መባል አልነበረበትም። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ግን 11ኛው ከፊል እውነት አለው፤ ሙሉ ሠንጠረዥ የሚፈልጉ የቢጂፒ ደንበኞች ያሉት አገልግሎት ሰጪ መንገዶቹን የሆነ ቦታ መያዝ አለበት። 10ኛው የተናገረው ግን ስለ ጠያቂው እንጂ ስለ አገልግሎት ሰጪ አልነበረም።

12ኛው ሁለቱን ሳይነካ ወደ ሥራው ገባ። ከሁለቱም አፕስትሪም ዲፎልትና ከፊል ሠንጠረዥ መጠየቅ፤ ከፊል ማለት የአፕስትሪሙ የራሱና የደንበኞቹ መንገዶች ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ በቢጂፒ ኮሚዩኒቲ (መንገዱ ላይ በሚለጠፍ ምልክት) ተለይተው ይመጣሉ። ይህ ካልተገኘ ሙሉውን ተቀብሎ በፕሪፊክስ ሊስት (በማጣሪያ ዝርዝር) እስከ /22 ድረስ ብቻ ማስገባት። ከሠንጠረዡ ከግማሽ በላይ /24 ስለሆነ ይህ ብቻውን ሸክሙን በእጅጉ ያቀላል። የተጣሉት መንገዶች ትራፊክ በዲፎልት ወደ አፕስትሪሙ ይሄዳል፣ አፕስትሪሙ ሙሉ ሠንጠረዥ ስላለው ያደርሰዋል። የሚጠፋው የምርጫ ጥራት ነው፤ አንዳንዱ ትራፊክ በረዘመው መንገድ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ጠበቅ ብሏል። መጀመሪያ ዲፎልቱ መግባቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ማጣሪያውን መትከል። ተገልብጦ ከተሠራ ግማሹ ኢንተርኔት ይጠፋል።

ዲፎልት ራሱ ያለበትን ችግርም አልደበቀም። አፕስትሪሙ ከውጭ ጋር ያለው መስመር ተቆርጦም ዲፎልቱን መላኩን ሊቀጥል ይችላል፤ ትራፊኩ እዚያ ደርሶ ይሞታል። ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ ከአፕስትሪሙ ዲፎልት አለመቀበልና በምትኩ ከሩቅ የሚመጣ፣ የማይወላወል አንድ ፕሪፊክስ መርጦ ስታቲክ (በእጅ የተጻፈ) ዲፎልቱን በዚያ ውስጥ ባለ አድራሻ ላይ ማንጠልጠል ነው። ፕሪፊክሱ ከቢጂፒ ሲጠፋ ዲፎልቱም አብሮ ይነሳል፣ ሁለተኛው መስመር ይረከባል።

13ኛው የፊብ መጭመቅን አነሳ። ጠባቡ መንገድና እሱን የሚሸፍነው ሰፊው መንገድ ወደ አንድ ጎረቤት የሚሄዱ ከሆነ ጠባቡን ሃርድዌር ላይ ማስቀመጥ አያስፈልግም። አሪስታ (ሌላ አምራች) ላይ ይህ በትእዛዝ የሚበራ ነገር ነው፤ 6500 ላይ የለም። መውጫው ባነሰ ቁጥር ቁጠባው ይበዛል። አደጋውንም ነግሯል፦ ሰፊው መንገድ ብቻውን ጎረቤት ሲቀይር ተደብቀው የነበሩት ጠባቦቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጫን አለባቸው፤ ስለዚህ በመጭመቅ የተገኘውን ቦታ ሙሉ በሙሉ እንደ ትርፍ ቆጥሮ መሙላት አይገባም።

ከ14 እስከ 16 ያሉት መልሶች ወደ ቃል ክርክር ወጡ። አንዱ የመንገድ ሠንጠረዥ የሚለው ቃል ስለ አስፋልት የሚወራ ያስመስላል ብሎ የማዞሪያ ሠንጠረዥ እንዲባል ጠየቀ። ሌላው ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ራውቲንግ ቴብል እያለ አዲስ ቃል መፍጠር ውሃ የማያነሳ ነገር ነው አለ። 16ኛው ግን ክርክሩን ወደ ጥቅም መለሰው። ችግሩ የቃሉ ምንጭ ሳይሆን ሁለት ነገር በአንድ ስም መጠራቱ ነው። ሪብ ቢጂፒ ከየጎረቤቱ የሰማውን ሁሉ የሚይዝበት፣ ራም ላይ የሚቀመጥ መዝገብ ነው። ፊብ ደግሞ ከዚያ የተመረጠው ብቻ ሃርድዌር ላይ የሚጻፍበት ነው። ሁለት ሙሉ ሠንጠረዥ የሚቀበል ራውተር ሪቡ ላይ 2 ሚሊዮን ገደማ መንገድ፣ ፊቡ ላይ 1 ሚሊዮን ገደማ ይኖረዋል። የ3ቢኤክስኤል ራም 1 ጊጋባይት ስለሆነ ጠያቂው የፊቡን ወሰን ሳይደርስ ራሙ ሊያልቅበት ይችላል። ሶፍት-ሪኮንፊገሬሽን ኢንባውንድ በርቶ ከሆነ የእያንዳንዱን ጎረቤት መንገድ ሳይጣራ በተጨማሪ ስለሚያስቀምጥ መጥፋት አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ራውት ሪፍሬሽ (ጎረቤት መንገዶቹን እንደገና እንዲልክ መጠየቅ) ሥራውን ይተካል። ለ12ኛውም የሚያገለግል ማስተካከያ ነው፤ ያ የማጣሪያ ዘዴ ከዚህ ትእዛዝ ጋር አብሮ ቢሠራ ፊቡን አድኖ ራሙን ይጨርሳል።

17ኛው ይህን ሁሉ ትቶ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ በርድ ወይም ኤፍአርአር የተባለ የራውቲንግ ሶፍትዌር መጫንን መከረ። 1 ሚሊዮን መንገድ ለተራ ራም ምንም አይደለም፣ ቲካም የሚባል ወሰን የለም። አንድ ጥንቃቄ ጨመረ፦ በቆዩ የሊኑክስ ከርነሎች (የሲስተሙ አንኳር) ላይ የአይፒቪ6 ራውት ማክስ-ሳይዝ ነባር ዋጋው 4096 ስለሆነ ከፍ ካልተደረገ በርድ መንገድ ሲጭን ማህደረ ትውስታ የለም የሚል ስህተት ይመልሳል፤ ራሙ ባዶ ሆኖ ሳለ። 18ኛው በቁጣ መለሰ፤ ሰርቨር የሚመከረው ጥቃት እስኪመጣ ነው የሚል ነው አቋሙ። 10 ጊጋቢት መስመር በ64 ባይት ፓኬት ሲሞላ በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ነው፤ ያልተስተካከለ ተራ ከርነል በዚህ ሥር ይንበረከካል። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ቁጣው ግን ከመጠን አልፏል፤ 17ኛው ስለ ጠያቂው የትራፊክ መጠን አስቀድሞ ጠይቆ ነበርና። ቪፒፒን ወይም ዲፒዲኬን (ፓኬትን ከከርነሉ ውጭ በፍጥነት የሚያስተናግዱ መሣሪያዎችን) የሚጠቀም ሶፍትዌር ይህን ክፍተት በብዙ እንደሚያጠብም 18ኛው አልጠቀሰም።

19ኛው ሠንጠረዡ እንዲህ ለመብዛቱ ማን ነው ጥፋተኛው የሚለውን ይዞ መጣ፤ ረጅም ነው፣ ልብ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲአይዲአር የተባለው የአድራሻ አከፋፈል ዘዴ የመጣው አድራሻ ተጠቅልሎ እንዲታወጅ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካው ኦፕሬተር ስፕሪንት ከአንዳንድ አዳዲስ የአድራሻ ክልሎች ከ/19 የጠበበ አልቀበልም ብሎ ነበር። ኤፕሪል 25 ቀን 1997 ደግሞ ኤኤስ 7007 የሚል መለያ ቁጥር ያለው ኔትወርክ ከሌሎች የሰማውን መንገድ በታትኖ የራሱ አስመስሎ አወጀና ኢንተርኔቱን አናጋ። ዛሬ ግን መበታተን አደጋ መሆኑ ቀርቶ ልማድ ሆኗል፦ አንዱ ትራፊኩን ለመከፋፈል፣ ሌላው መንገዱ እንዳይጠለፍበት፣ ሌላው አድራሻ ሲያከራይ /20 የነበረውን ወደ 16 /24 ይቆርጠዋል። የዓለም የአድራሻ አከፋፋይ አካል አይኤኤንኤ በፌብሩዋሪ 2011 የመጨረሻዎቹን አምስት /8 ካከፋፈለ ወዲህ አድራሻ በቁራሽ የሚሸጥ ነገር ሆኗል፤ የአንዱ ቁራሽ ዋጋም የሚከፈለው በሌላው ሰው ቲካም ነው። ሠንጠረዡ ከ512ኬ ወደ 768ኬ ለማደግ አምስት ዓመት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 ወሰደ። ከዚያ ወደ 1 ሚሊዮን ለመጠጋት ከዚህ የረዘመ ጊዜ ስለወሰደ ዕድገቱ ቀዝቅዟል፤ ቀዘቀዘ ማለት ግን ቆመ ማለት አይደለም። ጠያቂው የራሱን /22 በአራት /24 ያውጅ እንደሆነ ጠይቆ፣ ምክንያት ከሌለው ጠቅልሎ እንዲያውጅ አጥብቆ ለመነው።

20ኛው ክፍፍሉን ለመቀየር የሚያስፈልገውን የሪሎድ ሥራ በደረጃ አስቀምጧል። መጀመሪያ ትራፊኩን ወደ ሌላው ራውተር ማዞር፤ ወጪውን በሎካል ፕሪፈረንስ፣ ገቢውን በፕሪፔንድ (የራስን የኔትወርክ ቁጥር ደጋግሞ በመጨመር መንገዱን ረጅም በማስመሰል)። ቀጥሎ «ኤምኤልኤስ ሴፍ ማክሲመም-ራውትስ አይፒ 1000» ብሎ መጻፍና ኮንፊገሬሽኑን ሴቭ ማድረግ፤ ትእዛዙ እስከ ሪሎድ ድረስ ምንም አይለውጥም። የቢጂፒ ጎረቤቶቹን ሻትዳውን አድርጎ ይህንንም ሴቭ ማድረግ፣ ከዚያ ሪሎድ። ሲነሳ ክፍፍሉንና የፒኤፍሲ ሞዱን ማየት፣ አንድ ጎረቤት ማብራት፣ ሠንጠረዡ ገብቶ ሲፒዩው እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ማብራት። ሁለቱን ባንድ ላይ ማብራት በዚህ ሲፒዩ ላይ ብዙ ደቂቃ ያስጠብቃል።

21ኛው ማንም ያላነሳውን አነሳ። የ1 ሚሊዮን ወሰን ሃርድዌር ላይ ብቻ አይደለም፤ ሰው በእጁ የጻፈው ወሰንም አለ። ከዓመታት በፊት ሠንጠረዡ 600 ሺህ ሳለ ማክሲመም-ፕሪፊክስን (ከአንድ ጎረቤት የሚቀበለውን የመንገድ ብዛት ወሰን) 1,000,000 ብሎ የጻፈ ሰው ሩቅ አስቦ ነበር። ሠንጠረዡ ቁጥሩን ባለፈ ቅጽበት ግን ራውተሩ ሴሽኑን ራሱ ይዘጋል፣ የሪስታርት ሰዓት ካልተሰጠው ሰው እስኪያነሳው ተዘግቶ ይቆያል። በደንበኛና በፒር (ትራፊክ በእኩልነት በሚለዋወጥ ኔትወርክ) ላይ ጥብቅ ወሰን ይቀመጥ፤ ሙሉ ሠንጠረዥ በሚልክ አፕስትሪም ላይ ግን ዋርኒንግ-ኦንሊ (ማስጠንቀቂያ ብቻ) ይሁን ወይም ቁጥሩ ከፍ ይበል።

በ22ኛው ጠያቂው ተመለሰ። የፒኤፍሲ ሞዱ 3ቢኤክስኤል ነው። ክፍፍሉ ሳይነካ 512ኬ ላይ ነው። ከሁለቱም ዲፎልትና ከፊል ሊጠይቅ ወስኗል፤ /22ቱንም ጠቅልሎ ያውጃል። ማክሲመም-ፕሪፊክሱ በሁለቱም ጎረቤት 1,000,000 ተብሎ ተጽፏል፣ ሪስታርት የለውም።